ግንባሩ ላይ «ሰ» ያለበት ትል

በመጋላ ማታ መንገድ ላይ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። በየሱቁ በር ላይ አምፖል ይበራል። በአምፖሉ ዙሪያ ትንንሽ በራሪዎች ይሽከረከራሉ። አንዳንዷ ከአምፖሉ ጋር እየተጋጨች ትወድቃለች። አንዳንዷ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ታድራለች። ጠዋት ባለሱቁ ሞተው ያገኛቸዋል። በመጥረጊያ ይገፋቸዋል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

እነዚህን በራሪዎች በአማርኛ «የእሳት ራት» እንላቸዋለን። ራት የማታ ምግብ ነው። ይህች በራሪ ብርሃን ስታይ ወደ ብርሃኑ ትሄዳለች። ብርሃኑ ኩራዝ ከሆነ ክንፏ ይቃጠላል። በእሳት ተበላች፣ ለእሳት ራት ሆነች ማለት ነው። ስሙን ያወጡት አባቶች ኩራዝ አጠገብ ቁጭ ብለው በደንብ አይተዋል።

የእሳት ራትና ቢራቢሮ ዘመዳሞች ናቸው። ቢራቢሮ በቀን ትበራለች። የእሳት ራት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው የምትወጣው። ሁለቱም ሲወለዱ ክንፍ የላቸውም። መጀመሪያ እንቁላል ናቸው። ከእንቁላሉ ትል ይወጣል። ትሉ ይበላል፣ ያድጋል። ከዚያም ተጠቅልሎ ይተኛል። በመጨረሻ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። እንግዲህ አምፖሉ ሥር የምናያት በራሪ ትናንት ትል ነበረች። የትም ቦታ ስናያት «ትል ሳለሽ የማንን እህል በላሽ?» ብለን ብንጠይቃት ተገቢ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ከነዚህ በራሪዎች መካከል አንዷ ዘሯ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ትሏ የሚወደው ምግብ በቆሎ ነው፤ ማሽላም ይበላል። በድሬዳዋ ዙሪያ፣ በወሂል፣ በቢዮ አዋሌ፣ በጀልዴሳ በኩል ያለው ገበሬ ደግሞ ኑሮው በማሽላና በበቆሎ ነው። ደቻቱን ተሻግሮ ቀፊራ ገበያ የሚደርሰው እህል፣ በየቤቱ ገንፎና እንጀራ የሚሆነው እህል ይኸው ነው።

ስለ ስሟ እንነጋገር።

አገራችን ተምችን ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች። የድሮው ተምች ሠራዊት ሆኖ ነው የሚመጣው። ዝናብ ሲገባ፣ ሣሩ ለምለም ሲሆን በድንገት ይፈላል። ጥቁር ሆኖ፣ ተጠጋግቶ፣ መሬቱን ሸፍኖ ይሄዳል። ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው በእግሩ ይሻገራል። ስለዚህ እንግሊዞች «የጦር ትል» ይሉታል። ይህ የድሮው ተምች አሁን «የአፍሪካ ተምች» ይባላል።

አዲሱ «የአሜሪካ መጤ ተምች» ተብሏል። መጤ የሚለው ቃል ለሰው ሲነገር ደስ አይልም። በተለይ በድሬዳዋ አያምርም። ይህች ከተማ የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከየአገሩ በመጣ ሰው ያደገች ናት። ለትሉ ግን ቃሉ ይስማማዋል።

አሜሪካኖች ራሳቸው ሌላ ስም ይሉታል። «የመኸር የጦር ትል» እንደ ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ሲቃረብ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው ጉዳቱ በብዙ ቦታ የሚታየው። ስሙን ያገኘው ከወቅቱ ነው። እኛ ዘንድ ግን ወቅት አይመርጥም፤ ስለዚህ ይህንን ስም እዚህ መድገሙ አይጠቅመንም።

ሦስተኛ ስም አለው። ይህ የሳይንስ ሰዎች የሚጠቀሙበት ስም ነው። ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ ይባላል። ረጅም ነው፤ አንባቢዎቻችን ቀስ ብላችሁ በየፊደሉ አንብቡት። ስ-ፖ-ዶ-ፕ-ቴ-ራ። ፍ-ሩ-ጂ-ፐ-ር-ዳ። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው። አመድና ክንፍ ማለት ነው። «አመድማ ክንፍ» እንበለው። ሁለተኛው ከላቲን ቋንቋ ነው። «ፍሬ አጥፊ» እንደ ማለት ነው። እኛ መጀመሪያ የራስን ስም፣ ቀጥሎ ያባትን ስም እንጽፋለን። ሳይንቲስቶች ግን የዘሩን ስም ያስቀድማሉ። የአፍሪካው ተምች ስፖዶፕቴራ ኤክዜምፕታ ይባላል። የመጀመሪያ ስማቸው አንድ ነው፣ ሁለቱ የአንድ ዘር ናቸው ማለት ነው።

«ፍሬ አጥፊ» የሚለውን ስም ያወጣው ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 1797 ነበር። ስሚዝ ግን አሜሪካ ሄዶ ትሉን አላሳደደም። ሥራውን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ጆን አቦት የሚባል ሠዓሊ ከለንደን ተነሥቶ ጆርጂያ በምትባል የአሜሪካ ክፍል ይኖር ነበር። አቦት ትል ሲያገኝ ይይዘዋል። ምን እንደሚበላ ይመለከታል። ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ ይጠብቃል። ከዚያ ትሉንም፣ በራሪዋንም፣ የሚበሉትንም ተክል በአንድ ወረቀት ላይ በቀለም ይሥላል። ሥዕሎቹ ለንደን ደረሱ፤ ስሚዝ መግለጫ ጽፎባቸው መጽሐፍ ሆኑ። በኛ አስተያየት የአቦት ሙያ ትልቅ ነው። ትሉን ከምግቡ ለይቶ ያየ ሰው ትሉን አያውቀውም። የኛ ገበሬ ደግሞ ይህንን ሳይነገረው ያውቃል። «የምን ትል ነው?» ሲባል «የበቆሎ ነው፣ የማሽላ ነው» ብሎ ይመልሳል።

አሁን ደግሞ አገሩ የት ነው?

የትውልድ አገሩ ሞቃቱ የአሜሪካ ክፍል ነው። ሰሜን አሜሪካም ደቡብ አሜሪካም ይገኛል። ይህ ትል ውርጭ አይችልም። ብዙ ነፍሳት ክረምቱን ተኝተው ያሳልፋሉ። እሱ ግን እንዲህ ያለ እንቅልፍ አያውቅም። ብርዱ ሲጠና ይሞታል። ስለዚህ በሰሜን አሜሪካ ብርዱን የሚያልፈው በደቡብ ጫፍ፣ በፍሎሪዳና በቴክሳስ ሞቃት ቦታዎች ብቻ ነው። ሙቀት ሲመለስ በራሪዎቹ ወደ ሰሜን ይጓዛሉ። ነፋስ ይረዳቸዋል። በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊሄዱ ይችላሉ። እስከ ካናዳ ይደርሳሉ። እዚያ ያሉት ብርድ ሲመጣ ያልቃሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከደቡብ ሌሎች ይመጣሉ።

100 ኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ ሐረር ድረስ ያለውን መንገድ አስቡ። ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስ ማለት ነው፣ በአንድ ሌሊት፣ ያለ መኪና።

ለብዙ ዘመን ከአሜሪካ ወጥቶ አፍሪካ አልታየም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥር አካባቢ በምዕራብ አፍሪካ፣ በናይጄሪያና በአጎራባች አገሮች መኖሩ ታወቀ። ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ2009 ዓ.ም. የካቲት ገደማ ኢትዮጵያ ገባ። መጀመሪያ የታየው በደቡብ ምዕራብ፣ በሸካ ዞን፣ በመስኖ በሚለማ በቆሎ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ወደ ብዙ ክልሎች ተዛመተ። በ2010 ዓ.ም. ህንድ ደረሰ። በ2011 ዓ.ም. ቻይና ገባ። በ2012 ዓ.ም. አውስትራሊያ ታየ። በአራት ዓመት ውስጥ ዓለምን ዞረ ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያ ለምን ተመቸችው? በቆላውና በወይና ደጋው የሚገድል ውርጭ የለም። በክረምት የዝናብ በቆሎ አለ። በበጋ የመስኖ በቆሎ አለ። ከአንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጠብቀዋል። ሙቀት ባለበት ቶሎ ያድጋል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ከእንቁላል እስከ በራሪ አንድ ወር ያህል ይበቃዋል። ከደንገጎ በላይ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ግን ዕድሜው ይረዝማል፤ መራባቱም ይዘገያል።

አንድ ነገር እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም. በዚህ አገር የበረሃ አንበጣ መጥቶ ነበር። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላን በአንበጣ መንጋ ምክንያት ማረፍ አቅቶት አዲስ አበባ ሄዶ አርፏል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሰው ተምችንም አንበጣንም አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ አይደሉም። አንበጣ ትል ሆኖ አያውቅም። ከእንቁላል ሲወጣ ጀምሮ እግር አለው፣ ይዘላል። ሰማይ ሸፍኖ በቀን ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ ይጮኻል። የተምች እናት ግን ማንም ሳያያት ሌሊት ትገባለች። እንቁላሏን ትታ ትሄዳለች። ስለዚህ ማየት የሚችለው ቅጠሉን ገልጦ የሚያየው ሰው ብቻ ነው።

ቅጠሉን ሲገልጥ ምን ያያል? እዚህ ላይ ፊደል መቁጠራችን ይጠቅመናል።

ያደገውን ትል ፊቱን ወደናንተ አዙራችሁ ግንባሩን ተመልከቱ። ነጣ ያለ መስመር አለ። ከላይ አንድ ሆኖ ይወርዳል፣ ከዚያ ለሁለት ይከፈላል። የተገለበጠ ባላ እንጨት ይመስላል። ፊደል የቆጠረ ሰው ግን ባላ አይልም። «ሰ» ነው ይላል። ፈረንጆች ይህንን ምልክት በራሳቸው ፊደል የተገለበጠ ዋይ ይሉታል። እነሱ ፊደላቸውን መገልበጥ አለባቸው። እኛ ሳንገለብጥ እናነበዋለን።

አሁን ወደ ጅራቱ ሂዱ። ከመጨረሻው ትንሽ ቀደም ብሎ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉ። ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች፣ አራት ማዕዘን ሠርተው ተቀምጠዋል። ይህ ምንድን ነው? ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ የምናስቀምጠው አራት ነጥብ ነው። ትሉ በ«ሰ» ጀምሮ በአራት ነጥብ ያልቃል።

ይህንን በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ስንሥለው አንዲት እናት ከኋላ ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል ስማር ዓይኔ ጠፋ፤ ትሉ ግን ሳይማር ይዞት ተወለደ?» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በማግስቱ ግን እኒያው እናት በቅጠል ጠቅልለው ሁለት ትል ይዘው መጡ። አንዱን «ይሄ አለው»፣ ሌላውን «ይሄ የለውም» ብለው ለይተው ነበር። ልክ ነበሩ። የሌለው ሌላ ዓይነት ትል፣ የአገዳ ቆርቁር ነበር።

ግን ተጠንቀቁ። ትሉ ሕፃን ሳለ ፊደሉ አይነበብም። ጭንቅላቱ ጥቁር ነው፣ ሰውነቱም እንደ ክር ቀጭን ነው። ያን ጊዜ የሚታወቀው በሥራው ነው። ሕፃኑ ትል ቅጠሉን አይበሳም። አረንጓዴውን ልጦ ስሱን ሽፋን ይተወዋል። ቅጠሉ ላይ ትንንሽ ነጫጭ መስኮቶች የተከፈቱ ይመስላል። ሲያድግ ወደ በቆሎው እምብርት፣ አዲሱ ቅጠል ወደሚወጣበት ይገባል። ቅጠሉ ሲዘረጋ ተቦዳድሶ ይወጣል። እምብርቱ ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ነገር ካያችሁ ኩሱ ነው። ትሉ እዚያው ውስጥ አለ።

በአንድ እምብርት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ትልቅ ትል ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ምክንያቱ ያስገርማል። ትልቁ ትንሹን ይበላዋል። ወንድሙን የሚበላ ትል ነው። ስለዚህ ስሙ የጦር ትል ቢሆንም እንደ አፍሪካው ተምች በሰልፍ ሲሄድ የሚታየው አልፎ አልፎ፣ ምግብ ሲያጥረው ነው። በሰልፍ ስላልመጣ ተምች አይደለም ብሎ መተው ብዙ ገበሬ አታልሏል።

እናቲቱ ደግሞ እንዲህ ናት። ክንፏ ሲዘረጋ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀለሟ አመድማ፣ ቡናማ ነው። የወንዱ ክንፍ ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ አለ። ሴቷ ይህ ምልክት የላትም። ዕድሜዋ አሥር ቀን ያህል ነው። በነዚህ ቀናት ግን ከ1,500 እስከ 2,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉን በአንድ ቦታ ከ100 እስከ 200 አድርጋ ትከምረዋለች። በገላዋ ጭገር ትሸፍነዋለች። ቅጠል ላይ የበቀለ ሻጋታ ይመስላል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይፈለፈላል።

ቁጥር ለምትማሩ ይህንን አስሉ። አንዲት እናት 1,500 እንቁላል ጣለች እንበል። ወፍ በላ፣ ዝናብ አጠበ፣ ትልም ትልን በላ። የተረፉት 100 ብቻ ናቸው እንበል። ግማሾቹ ሴቶች ቢሆኑ 50 እናቶች ናቸው። እያንዳንዷ እንደገና 100 ብታሳድግ፣ 50 በ100 ሲባዛ 5,000 ይሆናል። ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው የፈጀው። በሌላ በኩል ደግሞ ያንን ሻጋታ መሳይ ክምር ገና ሳይፈለፈል በጣቱ የጨፈለቀ ሰው በአንድ ጊዜ 100 ወይም 200 ትል አስወገደ ማለት ነው።

ምግቡን በሚመለከት፣ የአፍሪካው ተምች መራጭ ነው። ሣርና የሣር ወገን የሆነውን ይበላል። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ስንዴ። ባቄላ ቢሰጡት አይወድም። የአሜሪካው ግን ሆዱ ሰፊ ነው። ተመራማሪዎች ከ350 በላይ የሚበላቸው ተክሎች ቆጥረዋል። በመጀመሪያ የሚመርጠው በቆሎ ነው። ማሽላ፣ ሩዝ፣ ሸንኮራ አገዳ ይከተላሉ። ከዚያ ኦቾሎኒ፣ ጥጥ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ጎመን ሁሉ አለበት። ይህ ማለት ግን በሁሉም ላይ እኩል ጉዳት ያደርሳል ማለት አይደለም። በቆሎ ካገኘ ጎመኑን አያየውም። ለሐረርጌ ገበሬ ትልቁ ነገር ማሽላው ነው። ፈንዲሻም ሆነ ሙይራ፣ ፍሬው ለሰው፣ አገዳው ለከብትና ለማገዶ ነው። በቆሎና ማሽላ ጎን ለጎን ሲዘራ ቀድሞ መታየት ያለበት በቆሎው ነው፤ እናቲቱ መጀመሪያ እዚያ ነው የምታርፈው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ቡቃያው ከበቀለ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳ ውስጥ መግባት ነው። ጠዋት ማልዶ ወይም ማታ ሲመሽ ይሻላል፤ ትሉ ያን ጊዜ ከእምብርቱ ብቅ ይላል። እንቁላሉን መጨፍለቅ፣ ትሉን መልቀም ነው። ብዙ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ይህንን አድርገዋል። ማሳው ትልቅ ለሆነ ሰው አድካሚ መሆኑን እናውቃለን። የሐረርጌ ማሳ ግን ብዙው ትንሽ ነው፤ በቤተሰብ ይዳረሳል። አመድ ወይም ደቃቅ አሸዋ እምብርቱ ውስጥ የሚጨምሩም አሉ። ይህ ትሉን ያስቸግረዋል። ሁሉም ገበሬ በአንድ ሰሞን ቢዘራም ይረዳል። አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከወር በኋላ ከዘራ፣ የኋለኛው ማሳ ከፊተኛው ለወጡት በራሪዎች ድግስ ይሆናል።

በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ሌላ ዘዴ ተሞክሯል። በበቆሎው መሐል ደስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ይዘራል። በማሳው ዳር ብራኪያሪያ የሚባል ሣር ይተከላል። የደስሞዲየሙ ሽታ እናቲቱን ያባርራታል፤ ሣሩ ወደ ዳር ይስባታል። በነዚህ አገሮች በተደረገ ጥናት በበቆሎው ላይ ያለው ትል ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ሁለቱም ተክሎች ለከብት መኖ ይሆናሉ። በኛ አስተያየት ፍየልና በሬ ላለው ገበሬ ይህ ነገር መሞከር አለበት። ደስሞዲየም ግን እርጥበት ይፈልጋል፤ ዝናብ በሚያጥርበት ቀበሌ ከመዝራት በፊት የልማት ሠራተኛውን ማማከር ያሻል።

ስለ መድኃኒት መርጨት ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ትሉ ገና ሕፃን ሆኖ ቅጠል ላይ ሳለ መድኃኒቱ ያገኘዋል። አድጎ እምብርት ውስጥ ከገባና ኩሱ ከላይ ከደፈነው ግን መድኃኒቱ አይደርስበትም። ገንዘብ ይባክናል። ሌላም ነገር አለ። ትሉ ጠላት አለው። ኮቴሲያ የምትባል ጉንዳን የምታህል ጥቁር ተርብ አለች። እንቁላሏን በትሉ ገላ ውስጥ ትጥላለች። ልጆቿ ትሉን ከውስጥ ይበሉታል። መጤው ተምች ኢትዮጵያ በገባበት በ2009 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት፣ ይህች ተርብ በአንዳንድ ቦታ ከ100 ትል ውስጥ ከ33 እስከ 45 የሚሆነውን ይዛ ተገኝታለች። ማንም ደመወዝ አልከፈላትም። ባልተገባ ጊዜ የምንረጨው መርዝ ትሉን ይስትና እሷን ይገድላል።

በዚህ አካባቢ ደግሞ ማሽላው በጫት መሐል ይዘራል። ለማሽላው የተረጨ መርዝ ጫቱ ላይ ያርፋል። ጫት አይቀቀልም፤ ብዙ ሰው ሳያጥብ ነው የሚቅመው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ማሳ ላይ መልቀም እንጂ መርጨት አንመክርም። መርጨት የግድ ከሆነ የመርዙ ዕቃ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። ጽሑፉ በሌላ ቋንቋ ከሆነ የልማት ሠራተኛው ያንብብላችሁ። አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ነፋስ ባለበት አይረጭ። ባዶው ጀሪካን የውኃ መቅጃ አይሁን፤ ቀፊራም አይሸጥ። ታጥቦ ንጹሕ የመሰለ ጀሪካን መርዙን ይዞ ይቆያል።

ትሉ በልቶ ሲጠግብ ከተክሉ ወርዶ መሬት ይገባል። ጥልቀቱ ከጣት ርዝመት አይበልጥም። እዚያ ተጠቅልሎ ቡናማ ፍሬ መስሎ ይተኛል። በሞቃት ቦታ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀን ይቆያል። አዝመራ ተሰብስቦ ማሳው ወዲያው ሲታረስ እነዚህ ቡናማ ፍሬዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ፀሐይ ያደርቃቸዋል። ዶሮ ያለው ሰው ያን ቀን ዶሮዎቹን ከበሬው ኋላ ይልቀቃቸው። እነሱ ማንበብ አያስፈልጋቸውም፤ አንድ በአንድ ይለቅሟቸዋል።